ስሙ ላልታወቀ ወታደር ብሔራዊ መቃብር በጎጃም፦ ከመጀመሪያው ውሳኔ እስከ ዓመታዊው ጥገና

ጎጃም ውስጥ መርዶ የገባበት፣ አስከሬን ግን ያልገባበት ቤት ብዙ ነው። ቤተሰቡ ልቅሶ ተቀምጧል። ልብሱን አውጥቶ፣ ፎቶውን አቁሞ አልቅሷል። ተዝካሩንም አውጥቷል። ሄዶ የሚቆምበት መቃብር ግን የለውም። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር አድዋ ዘምቶ የቀረ አለ። በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት ጫካ የቀረ አለ። ኦጋዴን የቀረ፣ ኤርትራ የቀረ፣ ባድመ የቀረ አለ። በቅርቡ ጦርነት ወጥቶ የቀረም አለ።

ይህ መመሪያ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ብሔራዊ መቃብር እንሥራ ብሎ ለሚነሳ ኮሚቴ፣ አርክቴክት፣ መሐንዲስ ወይም የከተማ አስተዳደር የተጻፈ ነው። ቦታውን ጎጃም አድርጌዋለሁ። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ ድንጋዩ፣ የልቅሶ ሥርዓቱ ሁሉ ዲዛይኑን ስለሚወስን ቦታ ሳይያዝ መመሪያ መጻፍ አይቻልም።

መለኪያዬ አንድ ነው። መርዶ ደርሷት አስከሬን ያላየች እናት እዚያ ቆማ «ይሄ ልጄ ሊሆን ይችላል» ማለት መቻል አለባት። ይህን እንዳትል የሚያደርግ ነገር ሁሉ ከፕላኑ ይውጣ። ማዕረግ፣ የፊት መልክ፣ የትውልድ ቦታ፣ የአንድ ሃይማኖት ምልክት፣ የአንድ ዘመን መሣሪያ፣ ሁሉም ይውጣ።

ደረጃ 1፦ የትኛው ሟች?

እርሳስ ከመነሳቱ በፊት ይህ በጽሑፍ ይወሰን። ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ለአንድ ጦርነት ብቻ መሥራት ነው፤ ለምሳሌ ለ1928–1933 አርበኞች። ጎጃም ለዚህ በቂ ታሪክ አለው። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ኃይሉ በለው በስማቸው ይታወቃሉ። ከኋላቸው ተሰልፈው የወደቁት ግን አብዛኞቹ ስማቸው የትም አልተጻፈም። ሁለተኛው ከውጭ ወራሪ ጋር ለተደረጉ ጦርነቶች ሁሉ መሥራት ነው። ሦስተኛው ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ የተዋጉባቸውንም መጨመር ነው።

እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልጇ በየትኛው ጦርነት እንደሞተ ተመርምሮ «አንቺ እዚህ አታለቅሺም» የምትባል እናት ካለች መቃብሩ ብሔራዊ አይደለም።

ይህን ምርጫ የሚያበላሸውን ነገር ከስፔን ማየት ይቻላል። ማድሪድ አጠገብ ባለው የፍራንኮ ትልቅ መታሰቢያ ውስጥ ከ33,000 በላይ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሟቾች ተቀብረዋል። ከሁለቱም ወገን ናቸው። ብዙዎቹ ግን ቤተሰብ ሳይጠየቅ ተጭነው የመጡ ናቸው። በኋላ አሸናፊው መሪ ራሱ እዚያው መሃል ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2019 አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ቦታው ሲያጨቃጭቅ ኖረ። ከዚህ ሁለት ሕግ ይወጣል። አንደኛ፣ ቤተሰብ ሊጠይቀው የሚችል አጽም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይነሳም። ሁለተኛ፣ ማንም መሪ፣ ማንም ጀግና፣ ማንም ባለሥልጣን በዚህ ግቢ አይቀበርም። የመራቂው ባለሥልጣን ስምም በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አይጻፍ።

ደረጃ 2፦ አጽም ይኑረው ወይስ ባዶ ይሁን?

ሁለቱም በዓለም ላይ አለ። ለንደን ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ዋይትሆል ጎዳና ላይ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች የቆመው ሴኖታፍ ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተመረቀው ይህ ሐውልት የሃይማኖት ምልክት የለበትም፤ ሟቾቹ የተለያየ እምነት ስለነበራቸው ነው። በተመረቀበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1920፣ ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ወታደር ተቀበረ። ከፈረንሳይ የጦር ሜዳ በመጣ አፈር ተሸፈነ። ላዩ ላይ ጥቁር የቤልጂየም እብነ በረድ ተጋደመ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ካሉት መቃብሮች ሰው የማይረግጠው እሱን ብቻ ነው።

በእኛ አገር አጽም ያለበት ይሻላል ባይ ነኝ። ሕዝባችን ሐውልት ሥር ቆሞ ማልቀስ አልለመደም፤ መቃብር ላይ ግን ያለቅሳል። አጽም ከተመረጠ ታዲያ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን።

መጀመሪያ የማንነት ፍለጋው ይደረግ። አሜሪካኖች አርሊንግተን በሚባለው ብሔራዊ የጦር መቃብራቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ከቬትናም የመጣ አንድ ወታደር «ያልታወቀ» ብለው ቀበሩ። በ1998 መቃብሩ ተከፍቶ በዲኤንኤ ምርመራ ማይክል ብላሲ የተባለ የአየር ኃይል መኮንን ሆኖ ተገኘ። ለቤተሰቡ ተሰጠ። ያ ጉድጓድ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ስለዚህ ሊታወቅ የሚችል ሰው «ያልታወቀ» ተብሎ አይቀበር። በአጥንት ምርመራና በዲኤንኤ ተሞክሮ ሁሉም መንገድ ሲዘጋ ብቻ ለዚህ ክብር ይታጭ። ለአገራችን ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች መጥተው የደርግ ዘመን ሟቾችን አጽም በመለየት ረድተዋል።

ቀጥሎ አጽሙ የአንድ ሰው ብቻ መሆኑ ይረጋገጥ። ከጅምላ መቃብር የወጣ የተቀላቀለ አጥንት ለዚህ አይሆንም። የወደቀው ጦር ሜዳ ላይ መሆኑም ይመዝገብ። ከዚያ ከተለያዩ ጦር ሜዳዎች የመጡ፣ በመልክ አንድ ዓይነት የሆኑ ሳጥኖች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የትኛው ከየት እንደመጣ የሚናገረው መዝገብ ይታሸግ።

ማን ይምረጥ? ጣሊያኖች ያደረጉት ልቤን ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 አኩይሌያ በሚባል ከተማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 11 ሳጥን ተደረደረ። ማሪያ ቤርጋማስ የምትባል፣ የልጇ አስከሬን ያልተገኘ እናት መጥታ መረጠች። የተመረጠው ሮም ሄደ። የቀሩት 10 እዚያው አኩይሌያ በክብር ተቀበሩ። እሷም ስትሞት ከእነሱ ጋር ተቀበረች። እኛም የምትመርጠዋን እናት ማድረግ እንችላለን። ግን ያልተመረጡት የት እንደሚያርፉ አስቀድሞ በፕላኑ ይግባ። የእነሱ መቃብር ከዋናው አጠገብ፣ በተመሳሳይ ድንጋይ ይሠራ። «ትርፍ» ተብሎ የትም የሚጣል አጽም መኖር የለበትም።

ደረጃ 3፦ ቦታ መምረጥ

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ደጀን ላይ የዓባይን ሸለቆ አፋፍ ነው። እይታው ያስደነግጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሁሉ ያልፍበታል። ግን አፋፉ ላይ አትሥሩ። የዓባይ በረሃ ገደል በየክረምቱ ይንሸራተታል። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለው አስፋልት በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተጎዳ የመንገድ ሰዎች ያውቁታል። ደጀን ከተመረጠ ከአፋፉ ገባ ብሎ፣ በጂኦሎጂ ባለሙያ የተጠና ጠንካራ መሬት ይፈለግ።

ሁለተኛው አማራጭ ደብረ ማርቆስ ነው። ለእኔ ይህ ይሻላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 የገቡባት ከተማ ናት። ከዚያ በፊት ቡሬና ደንበጫ ላይ ብዙ ሰው ወድቋል። መናኸሪያ፣ ሆስፒታልና ማደሪያ አላት። ከሩቅ ገጠር የመጣች እናት በአንድ ቀን ደርሳ መመለስ ካልቻለች የምታድርበት ቦታ ያስፈልጋታል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ቦታ ሲመረጥ ግን ከእይታው በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

መሬቱ የአርሶ አደር ከሆነ ካሳው ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ይከፈል። በግፍ የተወሰደ መሬት ላይ የሚቆም መቃብር ለሟቹም ክብር አይሆነውም።

ደረጃ 4፦ አቀማመጥ

የዲዛይኑ ከባድ ጥያቄ ይህ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሃይማኖቱም አይታወቅም። ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፤ ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ታዲያ እንዴት ይጋደም?

ኦርቶዶክስ ሲቀበር ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ በጀርባው ይተኛል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ሙስሊም ሲቀበር በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዞራል። አሁን ካርታ አውጡና ከደብረ ማርቆስ ወደ መካ መስመር አስምሩ። መስመሩ ወደ ሰሜን ይሄዳል ማለት ይቻላል። ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚያጋድለው 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ፊቱን ወደ ቂብላ ያዞረ ሙስሊም አካሉ የሚጋደመው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። የክርስቲያኑም እንዲሁ።

በሌላ አነጋገር የመቃብሩ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል። ይህ ዕድል በሁሉም የአገራችን ክፍል በዚህ ልክ አይገኝም፤ ጎጃም ላይ ተገኝቷልና እንጠቀምበት። የሚለያየው የራስጌው ጎን ነው። እሱን ለመፍታት ሳጥኑ በሁለቱም ጫፍ እኩል ስፋት ይኑረው። ወደ እግር የሚጠብ ሳጥን አይሠራ። ላዩ ላይ የሚጋደመው ድንጋይም ራስጌና ግርጌ የማይለይበት ይሁን። የ10 ዲግሪዋን ነገርና የአጽሙን አቀማመጥ ካህናቱና ሸሆቹ አንድ ላይ ተቀምጠው ይምከሩበት። ይህ ምክክር ከፕላኑ በኋላ ሳይሆን በፊት ይደረግ። ሰርቬየሩም አቅጣጫውን ሲለካ በኮምፓስ ብቻ አይተማመን፤ የዚህ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ብረት ስላለበት መርፌውን ሊያሳስት ይችላል። በፀሐይ ወይም በጂፒኤስ ያረጋግጥ።

ደረጃ 5፦ መሠረቱ

ጎጃም ላይ ግንብ የሠራ ሰው ዋልካን፣ ጥቁሩን አፈር፣ ያውቃል። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በየዓመቱ መሠረቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በዋልካ ላይ በቀጥታ የተጣለ ድንጋይ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ይዘማል፣ ይሰነጠቃል።

በምርጫው ወቅት ቀይ አፈር ወይም አለት ያለበት ቦታ ከተገኘ ግማሹ ችግር ተቃለለ። ካልተገኘ በቦታው አራት ማዕዘንና መሃል ላይ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር። ዋልካው የት ላይ እንደሚያልቅ ይለካ። ከዚያ ጥቁሩ አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ከግንቡ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አልፎ ይነሳ እንጂ ልክ በግንቡ ስር ብቻ አይሁን። ጉድጓዱ በሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ አፈር) በስሱ በስሱ እየተደለደለ፣ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ከላይ ሀርድኮር፣ ከዚያ ፌሮ ያለው አርማታ ይመጣል። ቁፋሮው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር። ሰኔ ላይ የተከፈተ ጉድጓድ ጭቃ ሆኖ ነው የሚያልቀው።

ውኃው ከዋልካው እኩል ጠላት ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዓመት የሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን አብዛኛው በክረምት ወራት ይወርዳል። ስለዚህ በግንቡ ዙሪያ ጠጠር የተሞላ ቦይ ይኑር። የመቃብሩ ክፍል ወለል ሊሾ ተደርጎ አይደፈን። ከታች ጠጠር ይነጠፍና የሰረገው ውኃ በቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ። የውጭው ንጣፍ ሁሉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ። ባሕር ዛፍ በአቅራቢያው አይተከል። ሥሩ ውኃ ይስባል፣ ዋልካውን ያደርቃል፣ ግንቡን ያናጋል። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ራቅ ተደርገው ቢተከሉ ያምራሉ።

ደጋ ነውና የመብረቅ መከላከያም አይረሳ።

ደረጃ 6፦ ድንጋይና ሳጥን

ከውጭ የመጣ የሚያብለጨልጭ ግራናይት አልመክርም። ጎጃም የራሱ ድንጋይ አለው። ደጋው በጥቁር ድንጋይ የተሞላ ነው። የዓባይ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ የኖራ ድንጋይ አለ፤ ደጀን ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም ለዚሁ ነው። የኖራ ድንጋይ ለጠራቢ ይመቻል፤ ነገር ግን ዝናብ ይበላዋል፣ ሽበት ይይዘዋል። ስለዚህ ከውጭ ለሚታየውና ለመቃብሩ መክደኛ ጥቁር ድንጋይ፣ ከጣሪያ ሥር ላለው የውስጥ ግድግዳ የኖራ ድንጋይ ይሁን።

መክደኛው ድንጋይ ትንሽ ስሌት ይፈልጋል። ርዝመቱ 2.2 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ያህል ይመጣል። በሰው ትከሻ አይሆንም። ክሬን የሚቆምበት መንገድ በፕላኑ ይታሰብ። ሌላው ችግር የእኛ ጥቁር ድንጋይ በተፈጥሮው የተሰነጣጠቀ መሆኑ ነው። ይህን ያህል አንድ ወጥ ቁራጭ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። የካባው ፍለጋ ገና ዲዛይኑ ሲጀመር ይጀመር። ፍለጋው ካልተሳካ ሦስት እኩል ቁራጭ በጥሩ መጋጠሚያ ይሁን እንጂ በአርማታ ላይ የተለጠፈ ስስ ንጣፍ አይሁን። የተለጠፈ ነገር አንድ ቀን ይወድቃል። በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ድንጋይ ይመረጥ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው አይመረጥ።

ለመገጣጠሚያው ኖራ ከሲሚንቶ ይሻላል። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው መንገድ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። መሃሉ ተሰብሮም የቀረው ግንብ ቆሟል። ኖራ ድንጋዩ ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይሄዳል፤ ሲሚንቶ ግን ጠርዙን ይሰብረዋል። በአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ግንብ የሠሩ ሽማግሌ ግንበኞች ካሉ ከመሐንዲሱ ጎን ይቀመጡ።

ሳጥኑ ከጥድ ይሁን። ምስጥ አይደፍረውም። ሚስማር ባይኖረው፣ በእንጨት ማያያዣ ቢሠራ ይመረጣል፤ ብረት ዝጎ እንጨቱን ያበላሻል። ጌጥ አያስፈልገውም።

ደረጃ 7፦ ብርሃን

ብዙ አገር የማይጠፋ እሳት ያበራል። ፓሪስ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ይነድዳል። ለእኛ አይመቸንም። በቧንቧ የሚመጣ ጋዝ የለንም። በሲሊንደር የሚነድ እሳት ደግሞ አንድ ቀን ሲሊንደሩ ሲያልቅ ይጠፋል። «የማይጠፋ» ተብሎ የጠፋ እሳት ለቤተሰቡ ሁለተኛ መርዶ ነው።

ፀሐይዋ ግን የእኛው ናት። በርሊን ውስጥ ኖየ ቫኸ የሚባል መታሰቢያ አለ። ጣሪያው መሃል ላይ ክብ ቀዳዳ ስላለው ብርሃኑም ዝናቡም በረዶውም እዚያ ባለችው ልጇን ያቀፈች እናት ሐውልት ላይ ይወርዳል። ከወለሉ ሥር አንድ ያልታወቀ ወታደርና አንድ ያልታወቀ የናዚ ማጎሪያ ሰለባ ተቀብረዋል። ይህን ሐሳብ በጎጃም ሰማይ እናስላው።

የድል ቀን ሚያዝያ 27 ነው። በዚያ ቀን ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት ወደ ሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ ማለት ነው። ከመክደኛው ድንጋይ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ጣሪያው ላይ ክብ ቀዳዳ ቢከፈት፣ ብርሃኑ ከቀዳዳው ቀጥታ ሥር ካለው ነጥብ ወደ ደቡብ 40 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ ቀዳዳው ከድንጋዩ መሃል 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ሰሜን ይከፈት። የዚያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ብርሃኑ ልክ መሃሉ ላይ ይሆናል።

ድንጋዩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መጋደሙ እዚህም ይጠቅማል። ብርሃኑ በሰዓት አንድ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ከ5 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ በምዕራቡ ጫፍ ይጀምራል። ከ7 ሰዓት ተኩል ትንሽ ቀደም ብሎ በምሥራቁ ጫፍ ያልቃል። ሥነ ሥርዓቱ በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይካሄድ። የቀዳዳው ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ዝናቡ ይግባ፤ አይከለከል። ውኃው የሚወርድበት ቦይ በድንጋዩ ዙሪያ ይኑር እንጂ በመስታወት አይሸፈን።

ቤቱ ክብ ይሁን። የጎጃም ቤተ ክርስቲያንም ጎጆም ክብ ነው፤ ሙስሊሙም በክብ ቤት ኖሯል። መስቀልም ጨረቃም ከላዩ አይቀመጥ። ሐውልትም አይቁም። ጎፈር ለብሶ፣ ጋሻ ይዞ፣ ፈረስ የጋለበ አርበኛ ያምራል፤ ቦታው ግን የከተማው አደባባይ ነው። እዚህ ከቆመ ልጇ በታንክ ሻለቃ ውስጥ የሞተባት እናት ሌላ ሰው መቃብር የመጣች ይመስላታል።

ደረጃ 8፦ የልቅሶው ሜዳ

አብዛኛው ዲዛይነር አበባ ለሚያስቀምጡ እንግዶች ያስባል። ቀይ ምንጣፍ የሚዘረጋበትን መንገድ ያስባል። እንግዶቹ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣሉ። ቤተሰቡ ግን በየቀኑ ሊመጣ ይችላል። ልቅሷችንም ቆሞ አንገት መድፋት ብቻ አይደለም። አልቃሽ ሙሾ ታወጣለች። ሰው ዙሪያውን ይከባል። ደረት ይመታል። ይፎከራል፣ ቀረርቶ ይወጣል። ፎቶና ልብስ ይያዛል። ለዚህ ሁሉ ቦታ ያስፈልጋል።

300 ሰው በነፃነት ለመንቀሳቀስ ለአንድ ሰው አንድ ካሬ ሜትር ቢታሰብ ከመሃሉ 10 ሜትር የሚሰፋ ክብ ሜዳ ይበቃል። ከቤቱ በስተ ምዕራብ፣ ከደጁ ፊት ለፊት ይሁን። ንጣፉ የተጠረበ ነገር ግን ያልለሰለሰ ድንጋይ ይሁን። በዝናብ የሚያንሸራትት ወለል ላይ አሮጊቶች ይወድቃሉ። ዙሪያውን ዝቅ ያለ የድንጋይ መቀመጫ ይኑር። ደረጃ ብቻ አይሁን፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት መንገድ ይሠራ። እግሩን በጦርነት ያጣ ሰው ወደ ጓደኛው መቃብር በሰው ትከሻ መሄድ የለበትም።

ጧፍ የሚበራበት የአሸዋ ገበታ ከጣሪያ ሥር፣ ከመክደኛው ድንጋይ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ሰም ከድንጋይ አይለቅም። ለሶላት የሚሆን ንጹሕ ሜዳና የመታጠቢያ ውኃም ይዘጋጅ። መጸዳጃው ከመግቢያው በር አጠገብ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ከመግቢያው ጎን አንዲት ትንሽ የመዝገብ ክፍል አትቅር። ጠፍቶ የቀረ ዘመድ ያለው ሰው ገብቶ ስም፣ የዘመተበትን ዓመት፣ የነበረበትን ክፍል ያስመዘግባል። የዲኤንኤ ናሙና መስጠት ከፈለገም ይሰጣል። በጠፋ ሰው ፍለጋ ላይ የሚሠራ ጨዋ ሠራተኛ ይመደብ። መቃብሩ የፍለጋው ማቆሚያ መሆን የለበትም።

ደረጃ 9፦ ጽሑፉ

አጭር ይሁን። ከአሥር ቃል አይለፍ። የምርቃት ቀን፣ የኮሚቴ ስም፣ ግጥም አይግባ። ሴቶችም ተዋግተው ወድቀዋልና ወንድ ብቻ የሚመስል አረፍተ ነገር አይሁን። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦

የኢትዮጵያ ልጅ። ስም በፈጣሪ ዘንድ።

ብሔራዊ ከሆነ በአማርኛ ብቻ ሊጻፍ አይገባም። አማርኛውም ሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎችም በክቡ ቤት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ በእኩል መጠን፣ በእኩል ከፍታ ይቀረጹ። መክደኛው ድንጋይ ላይ ምንም አይጻፍ። እዚያ ላይ አንድ ቋንቋ ብቻ ካረፈ የአንዱ ወገን ይሆናል።

ፊደሉ በቀለም አይጻፍ፣ በብረት አይለጠፍ። ይቀረጽ። ቁመቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ እንደ ቋ እና ጧ ያሉት ፊደላት ቀጫጭን ቅርንጫፍ ስላላቸው ሲያንሱ ድንጋዩ ይፈረፈራል። ጠራቢው ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉ በሦስት የተለያዩ ሰዎች ይነበብ። በድንጋይ ላይ የተሳሳተ ፊደል አይታረምም።

ደረጃ 10፦ የቀብሩ ቀን

ይህ ቀን በደንብ ከታቀደ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አፈሩ አስቀድሞ ይሰብሰብ። ከአድዋ፣ ከማይጨው፣ ከቡሬ፣ ከካራማራ፣ ከባድመ፣ ከሌሎችም ጦር ሜዳዎች እፍኝ እፍኝ አፈር በከረጢት ይምጣ። የየአካባቢው አርሶ አደር ራሱ ያምጣው። ሳጥኑ ከገባ በኋላ አፈሩ የሚበተነው በባለሥልጣን እጅ ሳይሆን አስከሬን ባልደረሳቸው ቤተሰቦች እጅ ይሁን። ጸሎቱን የየሃይማኖቱ አባቶች በየተራ ያድርሱ፤ ተራው በዕጣ ይወሰን። ንግግር አንድ ብቻ፣ እሱም አጭር ይሁን። አልቃሾች ግን ጊዜ ይሰጣቸው።

የክብር ዘብ ይኑር ካላችሁ አርሊንግተንን አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ቀንና ሌሊት ዘብ ተለይቶት አያውቅም። ይህን መጠበቅ የማንችል ከሆነ አንጀምረው። ለንደን ላይ ዘብ የለም፤ ክብሩ ግን አልቀነሰም። ለእኔ ከመሣሪያ የያዘ ዘብ ይልቅ ቦታውን የሚያውቅ፣ ለመጣ ሰው ውኃ የሚያቀርብ፣ የሚያናግር አንድ ቋሚ ጠባቂ ይሻላል። ደመወዙ በዓመታዊ በጀት ይያዝ።

ደረጃ 11፦ ጥገና

በጀቱ ሲያዝ የጥገናው ከግንባታው እኩል በጽሑፍ ይስፈር። ብዙ መታሰቢያ የሚፈርሰው ከምርቃቱ በኋላ ባለቤት በማጣት ነው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቦዮቹና ቱቦዎቹ ይጠረጉ። መስከረም ላይ በድንጋዩ የወጣው ሽበት በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ይነሳ። በረኪናና አሲድ አይነካው፤ ድንጋዩንና ኖራውን ይጎዳሉ። ጥር ላይ፣ ዋልካው በሚሰነጠቅበት ወቅት፣ በግንቡ ዙሪያ አዲስ ስንጥቅ መኖሩ ይታይ። የተገኘው በቀንና በፎቶ ይመዝገብ። ሁለት ተከታታይ ዓመት የሰፋ ስንጥቅ ካለ መሐንዲስ ይጠራ። የተነሳ መጋጠሚያ በኖራ ይሞላ። ሲሚንቶ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ካለ ጠባቂው እንዲያስቆመው ሥልጣን ይኑረው።